ግማሽ ሀ

መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሀን ትልቅ አድርጋ ጽፋ «ይቺ የመጀመሪያዋ ናት» ባለችን ቀን፣ ሌሎቹ ፊደሎች ለምን እንዳስፈለጉ በፍጹም አልገባኝም ነበር። ሆዷ ክብ፣ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ የተቀመጠች ፊደል ናት። እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይዞራል፣ ይወጣል፤ አለቀ። ከዚህ ወዲያ ሰው ምን ይፈልጋል?

ደግሞ የትም ብሄድ ቀድማኝ ትደርሳለች። ክፍላችን አንደኛ ሀ ነው፤ በሩ ላይ አለች። እናቴ የምትሳፈርበት አውቶቡስ ግንባር ላይ አለች። የእንቁላል ካርቶን ላይ «ደረጃ ሀ» ተብላ አለች፤ እንቁላሎቹም እንደኛ ሀ ክፍል የተመደቡ ስለመሰለኝ ለመብላት ጥቂት አስጨንቆኛል። ጉሮሮዬን ታምሜ ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ «አፍሽን ከፍተሽ ሀ በይ» ስትለኝ ሕመሜን ረስቼ «መጻፍም እችላለሁ» አልኳት። አክስቴ መነጽሯን ልታጸዳ ስትል «ሃ» ብላ ትተነፍስበታለች፤ መስታወቱ የሚጠራው ፊደሏን ስለሰማ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ሲጀመርም «ሀ ብለን እንጀምር» ይባላል። አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ስትሠራ ሌሎቹ ምን እየሠሩ ነው እያልኩ እታዘባቸው ነበር።

እውነተኛው ቤቷ ግን የአያቴ ወርክሾፕ ነበር። አያቴ አናጢ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትመጣ የምውለው እሱ ጋ ነው፤ ሰጋቱራው ውስጥ እግሬን ቀብሬ፣ የመላጊያው ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ሲወድቅ እየለቀምኩ እንደ አምባር እጄ ላይ አጠልቃለሁ። ሙጫው ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ ለሌላው ሰው ያስጠላል፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ የሰላም ሽታ ነው።

አያቴ የጠረጴዛ ፊት ሲሠራ ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን ያስተኛና፣ ከጆሮው ላይ ወፍራሙን እርሳስ አውርዶ መገጣጠሚያቸው ላይ አንድ ትልቅ ሀ ይጽፋል። የሀ ግራ እጇ አንደኛው ጣውላ ላይ፣ ቀኝ እጇ ሁለተኛው ላይ ይቀራል። ከዚያ ይለያያቸዋል፤ ለየብቻ ይላጋሉ፣ ጠርዛቸው ይስተካከላል፣ ከሌሎች ጣውላዎች ጋር ተደባልቀው ይከርማሉ። የሚገጣጠሙበት ቀን ሲደርስ ግማሽ ሀ ግማሿን ትፈልጋለች።

«ለምን ክብ አታደርግበትም፣ አባባ?»

«ክብ ባደርግ የቱ ፊት፣ የቱ ኋላ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሀ ግን አፏን የከፈተችበት በኩል ፊቱ ነው።» ከዚያ በጣቱ የእንጨቱን መስመሮች ተከትሎ ያሳየኛል። «ይኸውልሽ፣ ሁለቱ ከአንድ ግንድ ከሆኑ መስመሩ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይሻገራል። እርሳሱ ቢጠፋ እንኳ እንጨቱ ራሱ ይነግርሻል።»

ጠረጴዛው ሲያልቅ ሀ ከታች ትቀራለች። ሰው ሳያውቃት ከላይዋ ይበላል። እኔ ግን ስለማውቅ፣ ሰው ቤት በእንግድነት ስንሄድ ሰላምታ ሳልሰጥ መጀመሪያ የምገባው ከጠረጴዛ ሥር ነበር። እናቴ በዚህ የተነሳ ስንት ቤት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ተመኝታለች።

እንግዲህ ወርክሾፑ ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ የጠረጴዛ ግማሽ ነበር። ከእኔ ይበልጣል። አቧራ አይርፍበትም፤ አያቴ በየጊዜው በእጅጌው ያብሰዋል። ጠርዙ ላይ የሀ ግራ እጅ ብቻዋን አለች፤ የተገለበጠ የጃንጥላ እጀታ ትመስላለች። አንድ ቀን የቀረችው ግማሿ የት እንዳለች ጠየቅሁት።

«ሚስማር ጋ» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ሚስማር የሚባለው ሰው ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ያለው አናጢ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲያደርግ ይሰማል። የአያቴ ታናሽ ወንድም እንደሆነ የሰማሁት ከአክስቴ ነው፤ አያቴ ስሙን ጠርቶ አያውቅም፣ «ሚስማር» ይለዋል። እሱም አያቴን «ሙጫ» ይለዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ሊል ይችል ነበር። አይልም እንጂ።

እኔ ነገሩን ወዲያው ተረዳሁት። ሚስማር የሚባለው ሰው የአያቴን ግማሽ ጠረጴዛ ሰርቋል። እንዲህ ያለ ሌባ እፊታችን ተቀምጦ ፖሊስ ዝም ማለቱ ገረመኝ።

ልቤ በደንብ የተሸበረው ግን የአክስቴ ሰርግ ሲቃረብ ነው። አክስቴ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሳቋ ከቤት ቀድሟት የሚወጣ ሴት። ለሰርጓ ቀይ ጫማ እንደሚገዛልኝ ቃል ተገብቶልኛል፣ እግሬም ተለክቷል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ቁጭ ብዬ ፍቅፋቂ ስጠቀልል ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

«አባዬ፣ አጎቴ ካልመጣ እኔም የትም አልሄድም።»

«ጥሪው፤ ማን ከለከለሽ? እኔ ግን እሱ ካለበት አልቀመጥም።»

«ሁለታችሁም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣችሁ ሳላይ አልዳርም። ይኸው ነው!»

«እንግዲያው ተይው» አለ አያቴ። መላጊያው እንደገና ሽው ማለት ጀመረ።

አክስቴ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የዚያን ቀን መነጽሯን ሃ ሳትልበት በቀሚሷ ነው የጠረገችው።

እኔም አሰብኩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡት ጠረጴዛው ግማሽ ስለሆነ ነው። ግማሹ የጠፋው ሚስማር ስለወሰደው ነው። ስለዚህ ግማሽ ሀ ካልተመለሰች ሰርግ የለም፤ ሰርግ ከሌለ ቀይ ጫማ የለም። ዛሬ ሳስበው ሐሳቤ ላይ አንድ ስንጥቅ አላገኝበትም፤ ስህተቱ ከጅራቱ መጀመሬ ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነበር፤ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ወንድማማቾቹ አንድ ወርክሾፕ ነበራቸው። ታናሹ አንድ ጊዜ ደንበኛ አጣድፎት፣ ሙጫ እስኪደርቅ መጠበቅ ባለመቻሉ የወንበር መገጣጠሚያዎች ላይ ሚስማር መታ። አያቴ ለእንጨት ሚስማር ማለት ለሰው ጥፊ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጉጠቱን አነሳና ደንበኛው ፊት ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። አንድ ቃል አልተናገረም ይባላል፤ ባይናገርም የተናገረው በቃ። ታናሹ ዕቃውን ሰብስቦ ከመንገዱ ማዶ ወጣ። ለሁለቱ ቤተሰብ አንድ ላይ መብያ ብለው የጀመሩትን ጠረጴዛም ግማሽ ግማሹን ተካፈሉ። ሌባ የሚባል ሰው አልነበረም።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ስለማላውቅ፣ በማግስቱ ጠመኔዬን ኪሴ ከትቼ መንገዱን ተሻገርኩ።

የሚስማር ሚስት ደጃፏ ላይ ቆማ አየችኝና ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ኩሽና አስገባችኝ። ለሌባ ቤት በጣም ደስ የሚል ኩሽና ነበር። ማር የተቀባ ዳቦ ሰጠችኝ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስበላ ከራሴ በላይ ሽንኩርት የተደረደረበት መደርደሪያ ነበር፤ ከሥሩ ትል የሄደበት የሚመስል ጠማማ መስመር አየሁ። ማሩ በክርኔ ሲወርድ ጊዜ መስመሩን ተውኩት።

ሚስማር ውኃ ሊጠጣ ገባ። መዶሻው እጁ ላይ ነው። እንደ አያቴ ጆሮው ላይ ወፍራም እርሳስ አለ፤ ይህን ሳይ ትንሽ ተበሳጨሁ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ፤ በየቀኑ የሚያየኝን ልጅ።

«የሙጫ የልጅ ልጅ ነኝ።»

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ ታዲያ?»

«የአያቴን ግማሽ ሀ ይመልሱ።»

«ግማሽ ምን?»

ትልቅ ሰው ሆኖ አለማወቁ አሳዘነኝ። ከበርጩማው ወርጄ በጠመኔዬ ወለሉ ላይ ሳልኩለት፤ የቀኝ እጇን ብቻ። «ግራዋ እኛ ጋ ናት። እርስዎ የወሰዱት ይቺን ነው።»

መዶሻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ቁጢጥ አለ። ስዕሌን ብዙ አየው። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው።

«ሙጫ… አያትሽ እስከ ዛሬ አስቀምጦታል እንዴ?»

«በእጅጌው ያብሰዋል» አልኩት።

ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሽንኩርት መደርደሪያውን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች፣ ከዚያ ድንገት ሳል ያዛት።

«አለ» አለኝ በመጨረሻ፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል? ብዙ ጣውላ ስላለኝ ነው። መፈለግ ይኖርብኛል።»

«ቶሎ ይፈልጉ፤ ሰርጉ ደርሷል። ቀይ ጫማም አለበት።»

«ጫማም አለበት? እንግዲያማ ቀልድ አይደለም» አለና ከኪሱ ክር አወጣ። «እስቲ በዚህ የአያትሽን ግማሽ ለክተሽ አምጪልኝ። ከጣውላዎቼ መካከል የቱ እንደሆነ እንዳልሳሳት ነው።»

ይህ ብልህ ሐሳብ መሰለኝ። ሌባ ቢሆንም ጥንቁቅ ሌባ ነው አልኩ በልቤ።

አያቴ ጀርባውን ሲሰጠኝ ጠብቄ መስኮቱ ሥር ገባሁ፤ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ዘርግቼ ልቋጥር ስል ከኋላዬ ድምፁ መጣ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም። እየተጫወትኩ ነው።»

ክሩን አየ፣ ወደ መንገዱ ማዶ አየ፣ እንደገና ክሩን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫፍ ከእጄ ወሰደና ጠርዙ ላይ አጠበቀው። «ጨዋታም ቢሆን ክር ላልቶ አይለካም። ወጥሪው። አዎ፣ እዚህ ጋ ቋጥሪ። ውፍረቱንም ካልለካሽ ምን ዋጋ አለው?» ውፍረቱን ራሱ ለካው፤ ሁለተኛ ቋጠሮ ቋጠረልኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። አያቴን ያታለልኩት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሰው የራሱን ብልጠት ያመነባቸው ደስ የሚሉ ዓመታት ነበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ ጠፋ። በምትኩ የመላጊያ ድምፅ መጣ፤ ሽው፣ ሽው፣ ከዚያ ጭርር የሚል ነገር። አያቴ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ጣል ያደርጋል።

«ሚስማር አለቀበት እንዴ?»

«እየፈለገ ነው» አልኩት፣ ምስጢሬን እንዳላወጣ ተጠንቅቄ።

«አሃ። እየፈለገ ነው።» ጥቂት አዳመጠ። ጭርር ሲል ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ፊቱን አኮማተረ። «በዚያ በደነዘዘ መላጊያ መቼም አያገኘውም። ድሮም ስለት ማውጣት አይወድም!»

በማግስቱ ስመጣ አያቴ ትልቁን መላጊያውን እየሳለ ነበር፤ ማንም እንዲነካው የማይፈቅደውን፣ እጀታው በእጁ ላብ ጠቁሮ የሚያብለጨልጨውን። በፀጉር ሞከረው። ከዚያ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና «ይሄን ዕቃ ከፊቴ አንሺልኝ፣ መንገድ ዘጋብኝ። የትም ውሰጂው፤ ማዶም ቢሆን ግድ የለኝም» አለ።

አያቴ ያን የመሰለ መላጊያ መጣሉ ደነቀኝ። አቅፌው ተሻገርኩ። የሚስማር ሰውዬ ሲያየው እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ነው የተቀበለኝ። እጀታውን ጨብጦ ቆመ፣ ሚስቱም እሱን ትታ እኔን አቀፈችኝ። ለተጣለ ዕቃ ይህን ያህል ደስታ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ጭርርታው ጠፋ፤ ሽውታው ብቻ ቀረ። እዚህ ሽው፣ እዚያ ሽው፤ አያቴ ሲያቆም ማዶኛውም ያቆማል፣ ሲጀምር ይጀምራል።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰውዬው በራችን ላይ ቆመ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ተሸክሟል። አክስቴ ወርክሾፑን እየጠረገች ነበር፤ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተገኘ» አለ እሱም፤ ወንድሙን ሳይሆን እኔን እያየ። «ከጣውላ ክምር ሥር ነበር።»

አያቴ የሥራውን ጠረጴዛ በእጁ ጠረገና ቦታ ለቀቀለት። ብርድ ልብሱ ተገለጠ፤ ጠርዙ ላይ የሀ ቀኝ እጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። አያቴ የራሱን ግማሽ ከመስኮቱ ሥር አነሳ፣ ከጎኑ አስተኛው። ሁለቱም እጃቸውን አኖሩ፣ ሳይነጋገሩ እኩል ገፉ። ሀ ሙሉ ሆነች።

አያቴ መዳፉን መገጣጠሚያው ላይ አስኬደው፤ ከዳር ጀምሮ፣ በጣም በቀስታ፣ እስከ ዳር። የእሱ መዳፍ ፀጉር የሚያህል ክፍተት ያገኛል፤ ስንት ተለማማጅ በዚያ መዳፍ ምክንያት አልቅሷል። ሰውዬው ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። እኔም ስለ ጫማዬ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ገጠመ» አለ አያቴ።

አክስቴ እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች፤ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ ከሁለቱ የቱ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ሙጫው ተቀባ፣ በሞርሳ ተጠረነፈ። ሲደርቅ እግሮቹ ገቡለት። ሊገለብጡት ሲሉ አያቴ እጁን ዘረጋ።

«ሚስማር አለህ?»

ሰውዬው ቀላ። «ይሄ ሚስማር አያስፈልገውም። በደንብ ይዟል።»

«አለህ ወይ አልኩህ፣ ወንድሜ።»

ሰውዬው ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰና አንድ አወጣ፤ መዶሻውንም ሰጠው። አያቴ ሚስማሩን በሀ ሆድ ላይ፣ መካከሉ ላይ አቁሞ ቋ፣ ቋ አድርጎ መታው። መዶሻ የያዘ እጁን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት፤ ሲመታም ጠማማ ነበር። ታናሽየው ወደ ግድግዳው ዞሮ እንደገና ኪሱን ይዳብስ ጀመር፤ ምንም ሲያወጣ ግን አላየሁም። እኔ ጠረጴዛው እንዳይላቀቅ ነው ብዬ በሚስማሩ ተደሰትኩ።

በሰርጉ ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ የሚስማር ሰውዬም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ትንሹ አባባ ሆነ። አያቴ በወንድሙ ቀልድ ይስቃል፤ ሳቁ ሀ ሀ ሀ ይል ነበር፤ ይህንም በፊደሌ አገልግሎት ላይ ጨመርኩት። እኔ ከሥር ነበርኩ፣ በቀይ ጫማዬ፣ በጀርባዬ ተጋድሜ። ዙሪያዬን የሁለቱ ቤተሰብ እግር፣ ከላዬ ሀ፣ ሆዷ ላይ አንድ ሚስማር። ዓለምን ያስተካከልኳት እኔ ነበርኩ።

አሁን ሁለቱም የሉም። ጠረጴዛው እኔ ጋ ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ስቀይር በአዲሱ በር አልገባ ስላለ፣ እግሩን እንዲፈታልኝ አንድ ወጣት አናጢ ጠራሁ። ገለበጠውና የእንጨቱን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ «ደስ የሚል ሥራ ነው» አለኝ። «ግን ይሄ ግማሽና ያ ግማሽ ከአንድ እንጨት አይደሉም፤ ያዩታል? የዚህኛው መስመር እዚህ ጋ ይቆማል። ይሄኛው ቆይቶ የተሠራ ነው።»

ተንበርክኬ አየሁ። ልክ ነው፤ ከመስመሮቹ አንዱም አይሻገርም።

ያን ማታ የትንሹን አባባ ባለቤት ልጠይቃት ሄድኩ። አርጅታለች፤ ሳቋ ግን እንዳለ ነው። «ያኛውማ የሽንኩርት መደርደሪያዬ ሆኖ ስንት ዘመኑ!» አለችኝ። «ቆራርጦ፣ በሚስማር ጠርቅሞ ሠርቶልኝ። አንቺ ከሥሩ ተቀምጠሽ ማር ስትልሺ፣ ያ ግማሽ ሀ የምትዪው ከራስሽ በላይ ነበር። ሰውዬው ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ ወንድሜ የሱን ሲያብስ ኖሮ እኔ ሽንኩርት ጫንኩበት ብሎ። አዲስ ሠራ፤ ያለ አንድ ሚስማር። አዲሷ ሀ የቆየች እንድትመስል እርሳሱን ለማደብዘዝ እንኳ በዳቦ ነው ያሸው።»

«አያቴ አወቀ?»

«አያትሽ? እንጨት ገልጦ የሚያነብ ሰው? ብርድ ልብሱ ሳይገለጥ ነው ያወቀው!»

ከሁሉ በፊት ያ መዳፍ ትዝ አለኝ፤ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ የሄደው። እዚያ ያገኘውን ሁሉ አግኝቶ «ገጠመ» ብቻ ነው ያለው። በመንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ፣ ዓይኔንም ጠረግሁ።

በማግስቱ ወጣቱ አናጢ እግሮቹን መልሶ ሲገጥም በሀ ሆድ ላይ ያለውን ሚስማር አየና ጉጠቱን አነሳ።

«ይሄ ደግሞ ጠማማ ነው፣ ምንም አልያዘም። ልንቀለው?»

«አይነቀልም!» ብዬ ጮህኩበት፤ ልጁ ደንግጦ ጉጠቱን ጣለው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ተወው» አልኩት። «አያቴ ድሮ የነቀለውን ነው የመለሰው።»